የጋሽ ስማቸው ቀይ መስመር

ጋሽ ስማቸው ማረፋቸውን የሰማሁት ባሕር ዳር መውጫ ሰባታሚት፣ ጎማ ለማስነፋት ቆሜ ነው። መኪናዬ ውስጥ እንደተቀመጥሁ ጎማ ነፊው ጎንበስ ብሎ ሥራውን እየሠራ፣ «ያ መለኪያ ሠሪው ሽማግሌ ትናንት አርፈዋል አሉ፤ ቀብራቸው ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ነው» አለ። ባሕር ዳር ውስጥ የመኪና መለኪያ ሠሪ የሚባል ሽማግሌ አንድ ብቻ ስለሆነ ማን ብዬ አልጠየቅሁም። ጎማው ተነፍቶ አልቆ ሰውየው መስኮቱን እስኪያንኳኳ ድረስ እጄ መሪው ላይ እንዳለ ቀረሁ። ዕድሜ ጠግበዋል፣ ታመውም ሰንብተዋል፣ ቢሆንም ደነገጥሁ። ሞት መቼም ቀድሞ ቢነገርም አይለመድም።

በልቅሶ ቤት ሙት ሁሉ ደግ ነው። እኔ ግን ጋሽ ስማቸውን ደግ ነበሩ ብዬ ብቻ ባልፋቸው ውሸት ይሆንብኛል። ቁጡ ነበሩ። ጠርጣራም ነበሩ። አንዲት ብሎን ጠፋች ብለው ግማሽ ቀን ግቢውን ሲያስሱ ይቆዩና ከገዛ ኪሳቸው ሲያገኟት የሚቆጡት እኛን ነው። በግራ ጉንጫቸው ላይ እስከ ጆሯቸው የሚደርስ የቆየ ጠባሳ ነበረባቸው። በወጣትነታቸው የጋለ ራዲያተር ክዳን ሲከፍቱ እንፋሎቱ ልጧቸው ነው። ዓይናቸው የተረፈው በእግዜር ቸርነት እንደሆነ ይናገሩ ነበር። ሲያስቡ በአውራ ጣታቸው የጠባሳውን ዳር ዳር ያሻሉ፤ ያን ጊዜ ማንም አያናግራቸውም።

ያወቅኋቸው በመኪናዬ ጉድ ነው። መኪናዬን የገዛኋት ጡረታ ከወጣ ባልደረባዬ ሲሆን በዕድሜ ከእኔ ብዙም አታንስም። ጉዷ ምን መሰላችሁ፣ ዝናብ ሲዘንብ ትሞቃለች። ደረቅ ቀን የሙቀት መለኪያው መርፌ መሐል ላይ ጸጥ ብሎ ይቀመጣል፤ ዝናብ ጣል ሲያደርግ መርፌው ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣና ቀዩን ይነካል። ጃንጥላ ይዤ ወርጄ ኮፈኑን ስከፍት ሞተሩ ምንም አልሆነም። እንግዲህ እኔ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። ዝናብ የሚያሞቀው ሞተር አለኝ ብዬ ለማን ልናገር?

ሦስት ሜካኒኮች ጋ ወሰድኋት። አንደኛው ቴርሞስታቱን፣ ማለት ውሃው እስኪሞቅ ድረስ መንገዱን ዘግቶ የሚይዘውን ዕቃ፣ አውጥቶ ወረወረው። ይሄ ለፈረንጅ አገር ብርድ ነው፣ ለእኛ ምን ያደርጋል አለኝ። ሁለተኛው ሞተሩ ላይ የሚገጠመውን፣ ሙቀቱን ለመለኪያው የሚያደርሰውን ሴንሰር ቀየረልኝ። በሚቀጥለው ዝናብ መርፌው እንደ ልማዱ ወጣ። ሦስተኛው የመለኪያውን ሽቦ ነቀለና «በቃ፣ ከእንግዲህ አይሞቅብሽም» አለኝ። እውነቱን ነው፣ አልሞቀብኝም። መርፌው ታች ወድቆ ተኛ። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ ሁለት ወር ሙሉ ያለ መለኪያ ነዳሁ።

በመጨረሻ አንዲት ባልደረባዬ ሐይቁ ዳር ወዳለው የጋሽ ስማቸው ግቢ ላከችኝ። ግቢ ማለት የቆርቆሮ አጥር፣ አንድ ትልቅ ዋንዛ፣ ከዋንዛው ሥር አግዳሚ ወንበር፣ ከወንበሩ አጠገብ ደግሞ ከሰል ምድጃ ላይ የተጣደ ጥላሸት የለበሰ ማንቆርቆሪያ ነው። ከአጥሩ ኋላ ደንገሉ፣ ከደንገሉ ኋላ ጣና። ኮፈኑን ልክፈትልዎ ብላቸው ማን አስቸኮለሽ፣ ተቀመጪ አሉኝ። ከዚያ ጥያቄ ጀመሩ። የሳቸው ወግ እንዲህ ነበር፣ ባለቤቱ ሁሉን ሳይናዘዝ መኪና አይነኩም። የዘጌ ቄስ ልጅ ስለሆኑ ሹፌሮቹ «ጋሽ ስማቸው ጋ ንስሐ ልገባ ነው» እያሉ ይቀልዱባቸዋል። ማን ነካት? መቼ? ምን አወጣ? ምን መለሰ? እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ይሰማሉ፤ አያቋርጡም። የሽቦውን መነቀል ስነግራቸው ግን ተነስተው መኪናዋን አንድ ጊዜ ዞሯትና ተመልሰው ተቀመጡ።

«ሲነቅለው አንቺ ምን አልሽ?»

«ምንም።»

«የሚያስተምር ሰው አይደለሽም? እንዴት ምንም?»

ሰውየው ቅር እንዳይለው ብዬ ነው አልኋቸው። አንድ ጊዜ አዩኝና ወደ ሌላ ጥያቄ አለፉ። ዝናብ ሲዘንብ ምን እንደማደርግ ጠየቁኝ። ምን አደርጋለሁ፣ እነዳለሁ። ከመንዳትሽ በፊትስ? መጥረጊያውን አስነሳለሁ፣ መብራት አበራለሁ። ይሄኔ ሳቁ። ሲስቁ ጠባሳው ዓይናቸውን ሸብሸብ ያደርገዋል። የተነቀለውን ሽቦ መለሱና ሞተሩን አስነስተው መብራቱንና መጥረጊያውን ክፈቺ አሉኝ። ሰማዩ ላይ የመዳፍ ያህል ዳመና አልነበረም። መጥረጊያው በደረቅ መስታወት ላይ እየተንጫጫ ሲመላለስ መርፌው ቀስ እያለ ወጣ፣ ወጣና ቀዩን ነካ። ማሳ የሚሉት፣ ኤሌክትሪኩ የሚመለስበት ሽቦ፣ ከዳሽቦርዱ ኋላ ዝጎ ኖሯል። መብራትና መጥረጊያ ሲከፈት መመለሻ ያጣው ኤሌክትሪክ ሁሉ በመለኪያው በኩል ይጋፋል፤ ሞተሩ የለበትም። ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ፍቀው ብሎኑን አጠበቁት። እኔ ተማሪዎቼን በየዓመቱ የማስተምረው ነገር ነው። እፍረቴን የት ልክተተው!

ጨረስን ስል አልጨረስንም። ከጋሽ ስማቸው ግቢ አንድም መኪና ሳይፈላ አይወጣም። ሴንሰሩን ከሞተሩ ይፈቱና በረጅም ሽቦ አያይዘው ማንቆርቆሪያው ውስጥ ይነክሩታል። ባለቤቱ መሪው ጋ ተቀምጦ መርፌውን ይጠብቃል፤ እሳቸው ከሰሉን እያራገቡ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም በለሆሳስ ይደግማሉ። ውሃው ሲንተከተክ መርፌው የቆመበትን ቦታ መስታወቱ ላይ በቀጭኑ በቀይ የጥፍር ቀለም ያሰምሩበታል። የጥፍር ቀለሙን ራሳቸው ናቸው የሚገዙት። የሱቋ ልጅ ለየትኛዋ ወዳጅዎ ነው እያለች ስታበሽቃቸው፣ ለመቶ ሚስቶቼ ይሏታል።

መስመሩን ካሰመሩ በኋላ የሚናገሯትን ደግሞ ከተማው በቃሉ ያውቃታል። «ከዚች በታች እስካለ አትፍሪ። ሲነካት ቁሚ። ቁሚ ማለት ያችን ማዶ ልድረስ ማለት አይደለም።» ቴርሞስታቱንም አስገዝተው አስመለሱት። ከሐይቁ ቀድተው ራዲያተር የሚሞሉ ሹፌሮችን ሲያዩ፣ የጣና ውሃ ለዓሣና ለታንኳ ነው ብለው ይቆጣሉ። ከሁሉ የሚጠሏት ቃል ግን «ግዴለም» ናት። ግዴለም ያለ ሁሉ ሞተር አቃጥሎ ነው እኔ ጋ የሚመጣ ይሉ ነበር። እኛ አገር ያለዚች ቃል እንዴት እንደሚዋል እግዜር ይወቅ፤ እሳቸው ጋ ግን ምላስን ነክሶ መዋጥ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ የተማሪዎች ፈተና ይዤ ዋንዛው ሥር እየሄድሁ ማረም ለመድሁ። እሳቸው ይሠራሉ፣ እኔ አርማለሁ። አልፎ አልፎ ቀና ብለው ስንቱን ጣልሽ ይሉኛል። ባለቤታቸው እትዬ ጥሩ ቆሎ ያመጡልኛል። ደስ የሚል ጊዜ ነበር። ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ ወይም አቀናሁት፣ እስከ ዛሬ አላውቀውም።

አንድ ቅዳሜ ማንቆርቆሪያው ሲንተከተክ እያየሁ አላስችል ብሎኝ፣ ጋሼ፣ ይሄ ውሃ መቶ ዲግሪ አይደለም እኮ አልኋቸው። ከፍ ያለ አገር ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ውሃ ቀድሞ ይፈላል፤ ባሕር ዳር ላይ ዘጠና አራት ገደማ ነው። ቁጥር አላልሁም፣ ሲፈላ አልሁ እንጂ ብለው መለሱልኝ። ልክ ነበሩ። መኪናውን የሚጎዳው መፍላቱ ነው። እኔ ግን አፌ መች ያርፍና፤ ባሕር ዳር ላይ ልክ ነው፣ ደብረ ታቦር ላይ ግን በዘጠና አንድ ይፈላል ብዬ ጨመርሁ።

እጃቸው ማራገቢያው ላይ እንዳለ ቆመ። ከዚያ አውራ ጣታቸው ወደ ጠባሳው ሄደ።

«እኔ የማሰምረው እዚህ በሚፈላው ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ደብረ ታቦር የሚወጣው መኪና መስመሬን ሳይነካ ይፈላል ማለትሽ ነው።»

ያን ጊዜ ነው የተናገርሁት የገባኝ። ደብረ ታቦር የሚመላለሱ ሚኒባሶች አብዛኞቹ የሳቸው መስመር አለባቸው። ሹፌሩ ገና ነው፣ መስመሩን አልነካም እያለ ዳገቱን ይወጣል፤ ውሃው ግን ፈልቷል። ከዚያ ወይ ሞተሩ ይቃጠላል፣ ወይ ደግሞ ሰውየው ምን ሆነ ብሎ ክዳኑን ይከፍታል። ክዳን ከፍቶ ምን እንደሚያገኝ የጋሽ ስማቸው ጉንጭ ይናገራል። ልዩነቱ የፀጉር ያህል ነው፣ የራዲያተሩ ክዳን ደህና ከሆነ ግፊቱ ውሃውን ከመፍላት ይይዘዋል፣ ግዴለም አልኋቸው። ቃሏ ከአፌ ስትወጣ ራሴው ደነገጥሁ። እሳቸው ግን አልተቆጡም። የማን መኪና ክዳን ነው ደህና ሲሉ ብቻ ጠየቁኝ። አለመቆጣታቸው ይበልጥ አስፈራኝ።

የመጽሐፍ ወሬ አላምንም፣ በዓይኔ ካላየሁ አሉ። በማግስቱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ማንቆርቆሪያውን፣ ምድጃውንና ከሰሉን የእኔ መኪና ላይ ጭነን ወጣን። ከትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ የተዋስሁትን ቴርሞሜትር እትዬ ጥሩ በነጠላ ጠቅልለው ሰጡኝ። ሐሙሲትን አለፍን፤ ወደ አንበሳሜ የሚገነጠለውን መንገድ ትተን ወረታ ደረስን፤ ከዚያ ወደ ቀኝ ታጥፈን ዳገቱን ተያያዝነው። ጋሽ ስማቸው ዓይናቸውን ከመርፌው ላይ አላነሱም። ደብረ ታቦር ልንገባ ጥቂት ሲቀረን መንገድ ዳር አቁመን ምድጃውን አቀጣጠልን። ነፋሱ አስቸገረን። መንገደኛው ተሰበሰበና መኪና ቆሞባችሁ ነው ወይ ይላል፤ ውሃ ልናፈላ ነው ስንል እርስ በርሱ ይተያያል። አንዲት ሴትዮማ ቤቴ ቅርብ ነው፣ እዚያ ላፍላላችሁ ብላ ለመነችን።

ውሃው ተንተከተከ። ቴርሞሜትሩ ዘጠና አንድ ላይ ቆመ። ጋሽ ስማቸው አውጥተው በነጠላው ጠረጉትና እንደገና ከተቱት፤ እንደገና ዘጠና አንድ። ሴንሰሩን ከተቱት። እኔ መሪው ጋ ሆኜ መርፌውን አየሁ። ከቀይዋ መስመር ጥቂት ዝቅ ብሎ ቆመ። ቢፈላ ቢፈላ ንቅንቅ አላለም። መጥተው በመስኮቱ አንገታቸውን አስገብተው ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ሄደው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ስንመለስ እኔ ምነው ምላሴ በተቆረጠ እያልሁ ነዳሁ።

ሰኞ ጧት የግቢያቸው በር ተዘግቶ ነበር። ቀለማቸውን በኪሳቸው ይዘው መናኸሪያ ወርደዋል። እኔ ማስተማሪያ ክፍለ ጊዜዬን ጨርሼ ስደርስ ደጉ ከሚባለው ሹፌር ጋር ቆመዋል። ደጉ ለብዙ ዘመን የደብረ ታቦርን መንገድ የሠራ፣ እንደ አባቱ የሚያያቸው ሰው ነው። ሚኒባሱ ውስጥ ገብተው መለኪያውን ሲያዩ የሳቸው መስመር ተፍቋል። ከሥሩ፣ ጥቂት ዝቅ ብሎ፣ በሌላ እጅ የተሰመረ መስመር አለ። ማን ነካው ብለው ጠየቁት። ደጉ አንገቱን ደፋ። ሁለተኛ ሲጠይቁት ነው የተናገረው።

«ጋሼ፣ እኛ እኮ እናውቃለን። ዳገቱ ላይ ከመስመርዎ በፊት ነው የሚፈላ። ሁላችንም ዝቅ አድርገን ነው የምንቆም።»

«ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ለእርስዎ? እንዴት ብለን?»

ሌሎቹም ሹፌሮች ዙሪያውን ቆመው መሬት መሬት ያያሉ። ማንም በክፋት አላደረገውም። አንድ ሽማግሌ በሙያቸው ተሳስተዋል ብሎ ፊት ለፊት መናገር ከብዷቸው፣ ከመናገር ይልቅ በየመኪናቸው መስመሩን ዝቅ እያደረጉ ኖሩ። በየሳምንቱ እየመጡ፣ የእርስዎ መስመር ባትኖር እያሉ ይመርቋቸዋል። አከበሯቸው። እኔም ብሆን ያንኑ ነበር የማደርገው፤ ሽቦዬን ለነቀለው ሰውዬ እንኳ አድርጌዋለሁ።

ጋሽ ስማቸው አልጮኹም። እንዲህ ነው ያሉት፦ «ለእኔ አዘናችሁ። ይሄን መኪና ነገ ለሚገዛው ለማታውቁት ሰው ግን አላዘናችሁም።» ደጉ እግራቸው ላይ ሊወድቅ ሲል ብብቱን ይዘው አስነሱትና ሥራ ጀመሩ።

ሥራው ወር ፈጀ። የትኛው መኪና፣ የማን፣ ወዴት የሚሄድ፣ ሁሉን በቃላቸው ያውቁታል። መራዊና ዳንግላ ድረስ ሄደው የፈለጉት መኪና አለ። የድሮዋን እየፋቁ ዝቅ አድርገው ያሰምራሉ፤ ባለቤቱንም ተሳስቼ ነበር ይሉታል፣ እንዲሁ በግልጽ። ወሬ ደግሞ መቼም ክንፍ አለው፤ ስማቸው ጃጅቷል፣ የሠራው ሁሉ ሐሰት መሆኑን በገዛ አፉ አመነ እየተባለ ተወራ። የሚመጣው መኪና ቀነሰ። ዋንዛው ሥር እኔና እሳቸው ብቻ የምንቀመጥበት ቅዳሜ በዛ። አንዴ ይቅርታ ልጠይቅ ብዬ፣ ያን ቀን ባልናገር ይሻል ነበር አልኋቸው። የተቆጡኝን ቁጣ አልረሳውም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለውን ተረት አባቴ ሲተርተው እኔ ለታመመ ብቻ ይመስለኝ ነበር አሉኝ፤ ስንት ዘመን ተከብሬ ኖርሁ፣ የነገርሽኝ ግን አንቺ ወሬኛዋ ብቻ ነሽ። ከዚያ ወዲህ አዲስ ሕግ አወጡ። ማንም መኪና ይዞ ቢመጣ የመኪናውን ከመናዘዙ በፊት ጋሽ ስማቸው የሠሩትን አንድ ጥፋት መናገር አለበት። ሰዉ ተጨነቀ። አንዱ ማንቆርቆሪያዎ ቆሽሿል አላቸው፣ ሌላው ቆብዎ ያረጀ ነው። እሳቸው ግን ትክክለኛው እስኪመጣ ድረስ ኮፈን አያስከፍቱም ነበር።

አንዲት ሚኒባስ ብቻ አልተገኘችም። ባለቤቷ ሸጧት ከአገር ወጥቷል፤ ማን እንደገዛት የሚያውቅ ጠፋ። ጋሽ ስማቸው መናኸሪያ በሄዱ ቁጥር ይጠይቃሉ። ታመው ከተኙ በኋላም እኔ ስገባ ከጤናቸው በፊት የምትነሳው እሷ ነበረች። ያቺ መኪና? ይሉኛል። አልተገኘችም ጋሼ። አውራ ጣታቸው ወደ ጉንጫቸው ይሄዳል። አንድ ሰው አለ እኮ፣ አምኖኝ ዳገት የሚወጣ አንድ ሰው አለ ይላሉ።

በቀብሩ ዕለት ቤተ ክርስቲያን ስደርስ የወንድማቸው ልጅ አንድ ወረቀት ይዞ ወደ እኔ መጣ። የሕይወት ታሪካቸውን አንቺ አንብቢው፣ መምህር ነሽ፣ ድምፅሽም ጥሩ ነው አለኝ። አስቀድሜ አላየሁትም። የትውልድ ቦታቸውን፣ የቄስ አባታቸውን ስም፣ የልጅ ልጆቻቸውን ሁሉ አነበብሁ። ከዚያ፣ «በሙያቸው አንድም ቀን ስሕተት ያልተገኘባቸው» የሚል መጣ። ቆምሁ። ሰዉ ያለቀስሁ መስሎት ከንፈሩን መጠጠ። ልዘለው እችል ነበር። ግን ካህናቱ ቆመዋል፣ እትዬ ጥሩ ደረታቸውን ይዘው ቆመዋል፣ የጻፈው ልጅ ዓይን ዓይኔን ያየኛል። አነበብሁት። ድምፄ ደግሞ እንደተባለው ጥሩ ነበር። ደጉ በሕዝቡ መሐል አንገቱን ደፍቶ አየሁት።

ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ ቁጭ ብለን ሳለ አንድ የማላውቀው ሰው እያጎነበሰ መጣ። የጋሽ ስማቸውን ዘመዶች ከደብረ ታቦር ጭኖ የመጣው ሹፌር ነው።

«እትዬ፣ ያነበቡት እርስዎ ነዎት? እግዜር ይስጥልኝ። መኪናዬን ስገዛት መለኪያው ላይ ቀይ መስመር ነበረባት። የማን እንደሆነች ሳላውቅ በእምነት ስነዳ ኖርሁ። ዛሬ የእሳቸው መሆኗን ሰዎቹ ነገሩኝ። ያነበቡትን ስሰማ ልቤ ዐረፈ።»

ውሃ ሆንሁ። ሰውየው ገና ወጣት ነው፣ ፊቱ ላይ አንድ ጠባሳ የለበትም። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሰው ጭኖ ያንን ዳገት ይወጣል። እትዬ ጥሩ ከእኔ ሁለት ክንድ ርቀው ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። የወንድማቸው ልጅ ኋላዬ ቆሟል። ወደ ውጭ ጠርቼ በጆሮው ልንገረው ብዬ አስቤም ነበር፤ አስቤ አፈርሁ።

«ወንድሜ» አልሁት፣ ሁሉም እንዲሰማ፣ «ያነበብሁት ልክ አይደለም። ጋሽ ስማቸው ተሳስተው ነበር።»

የወንድማቸው ልጅ ትከሻዬን ነካ አድርጎ፣ ዛሬ? ገና የመቃብራቸው አፈር እንኳ ሳይደርቅ? አለኝ። መልስ ሳልሰጠው እትዬ ጥሩ ቀና አሉ።

«ተዋት። ንገሪው ልጄ፣ ሁሉን ንገሪው።»

ነገርሁት። ስለ ዘጠና አራቱ፣ ስለ ዘጠና አንዱ፣ ስለ መንገድ ዳሩ ማንቆርቆሪያ፣ ስለ ወር ሙሉ ፍለጋው። ሰውየው አፉን ከፍቶ ሰማኝና በመጨረሻ የት ላይ ልቁም ታዲያ ብሎ ጠየቀኝ። ላሳይህ ብዬ አብሬው ወጣሁ። ሚኒባሱ ውስጥ ገብቶ በኪስ ቢላዋ መስመሯን መፋቅ ጀመረ። ከኋላችን ኮቴ ሰምቼ ስዞር እትዬ ጥሩ ናቸው፣ ጥቁር በጥቁር ለብሰው፣ በደጉ ክንድ ተደግፈው። ሐዘንተኛ ከምንጣፉ አይነሳም ብሎ የከለከላቸውን ሁሉ አልሰሙትም።

«እሷ ናት?» አሉኝ።

እርግጠኛ አይደለሁም፣ ትመስለኛለች አልኋቸው። ከዚያ በላይ አልጠየቁም። ቀለሙ ተፍቆ እስኪያልቅ፣ ሰውየውም ጋሽ ስማቸው ሲያደርጉት ባየሁት ልክ በጣቴ በጠቆምሁት ቦታ ዝቅ አድርጎ በቢላዋው ጫፍ አዲስ መስመር እስኪጭር ድረስ ቆመው አዩ። ሲጨርስ መርፌውንም መስመሩንም ደጋግመው ተመለከቱና በነጠላቸው ዓይናቸውን ጠረጉ።

«በል አሁን ዕረፍ፣ ስማቸው» አሉና፣ ወደ ድንኳኑ መልሰኝ ብለው የደጉን ክንድ ያዙ።